ትራፑን የፈተንንበት የድርቅ ዓመት

ጅጅጋ ስመጣ ከተማዋ ከ2010 ሐምሌው ሁከት ገና አላገገመችም ነበር። ዋናው መንገድ ላይ አንዳንዱ ሱቅ አዲስ የቆርቆሮ በር ገጥሟል፤ አንዳንዱ የጠቆረ ግድግዳውን እንደያዘ ተዘግቷል። እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ «ሰው ከዚያ ሲወጣ አንቺ ትገቢያለሽ?» አለችኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት እዚያ ባለ አንድ ኮሌጅ ማስተማር ነበር። «አንድ ዓመት ብቻ ነው» አልኳት። እሷም አላመነችኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ኮሌጁ ቢሮ የሰጠኝ ከአንድ የሶማሌ መምህር ጋር ነው። እዚያው ሶማሌ ክልል ደምበል ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ከኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ስርዓተ ክወና፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን፣ ሲያስተምር የኖረ፣ አርባውን ያለፈ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ከወንበሩ ሲነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» ብዬ ስጠራው ሳቀ።

«እሱን ለአዲስ አበባ ተይው። እዚህ ዋላል ነው የምንባባለው። ወንድምም እህትም ማለት ነው፤ አንድ ቃል ለሁለታችን ይበቃል።»

ከዚያ ወዲህ እሱ እኔን ዋላል ይለኛል፣ እኔም እሱን።

የዓይኑን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። መጀመሪያ ያየሁት በር ሲገባ ትከሻውን ከመቃኑ ጋር ማጋጨቱን ነው። ቀጥሎ ሻይ ሳስቀምጥለት ብርጭቆውን ከጎን በኩል ገፍቶ መድፋቱን። ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹን እያሳደገ እያሳደገ ሄዶ በመጨረሻ አንድ መስመር ኮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪኑን ሞላው። አንድ ቀን ሲያነብ ዝም ብዬ ሳየው ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ግላኮማ ነው። ከጎን ጀምሮ ነው የሚበላው። አሁን የማይሽ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ነው የሚሉት።»

«እየጠበቁት ነው?»

«ጠብታውን እኔ ጠዋት ማታ አደርጋለሁ። የተቀረውን አላህ ያውቃል» አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ድርቁ የጠናው በ2014 ነው። ዝናቡ ከቀረ ቆይቶ ነበር። በምሥራቅ ከሀርሺን ወረዳ በኩል የሚመጡ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ከብት ብቻ ሆነ፤ የማን መንጋ የት እንደወደቀ፣ የትኛው ብርካ እንደደረቀ። ብርካ የሚሉት በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ዝናብ ከሌለ ባዶ ጉድጓድ ነው። ሰዉ የተረፈው ጥልቅ በተቆፈሩ ጥቂት ጉድጓዶች ነበር። በእነዚያ ላይ አንድ የውኃ ፕሮጀክት በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች ተክሏል።

የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ከሐረር የመጣ ወጣት ነው። አንድ ቀን ጠዋት በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ይዞ ቢሯችን ገባ። ሰሌዳው ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑን ያስነሳል፣ የውኃ ታንከሩን ልክ ያያል፣ በተገጠመለት ሞደም በሞባይል ኔትወርክ ወደ ጅጅጋ ሪፖርት ይልካል።

«በድንገት ዝም ይላል» አለን። «ፓምፑ ቆሞ ይቀራል። አጥፍታችሁ ስታበሩት ይነሳል። ከዚያ እንደገና ዝም።»

«ጠባቂው አጥፍቶ አያበራውም?» አልኩት።

«ጠባቂ ያለበት ላይማ ይበራል። ግን አንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጠባቂውም የራሱን ከብት ይዞ ውኃ ፍለጋ ሄዷል።»

ባልደረባዬ ሰሌዳውን በእጁ ይዞ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው። «ዝም ከማለቱ በፊት የሚጽፈው ነገር አለ?»

«ምንም። አንዲት መስመር አይተውም።»

መሐንዲሱ ሰሌዳውን ትቶልን ሄደ። ያኔ እኛ የክረምት ትምህርት እናስተምር ነበርና ሥራውን የጀመርነው ከክፍል በተረፈን ሰዓት ነው።

ምን ለማድረግ እንዳሰብን እዚህ ጋ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው ታሪክ አይገባም። በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ስር የሚቀመጥ አንድ ክፍል አለ፤ ከርነል ይባላል። ማን መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው፣ ከሞደሙና ከፓምፑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ከርነል ሲታመም ከላዩ ያለው ሁሉ ዝም ስለሚል ችግሩን የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ ችግሩን የሚፈልግ መርማሪ እየሠራ ባለው ከርነል ውስጥ፣ በመረጠው ቦታ ላይ፣ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የሚፈጽማትን አንዲት መመሪያ አንስቶ በምትኩ የማቆሚያ ምልክት ይተክላል። ይህ ፕሮብ ይባላል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ የያዘውን አቋርጦ ወደኛ ኮድ ይዘላል፤ መቋረጡን ትራፕ እንለዋለን። የኛ ኮድ የሚፈልገውን አይቶ ይመዘግባል፣ የተነሳችውን መመሪያ ራሱ ያስፈጽማል፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ ነው። የተመለሰው ነገር በአንዲት ነጥብ እንኳ ከነበረው ከተለየ መርማሪው ራሱ ገዳይ ሆነ ማለት ነው።

ፕሮቡን ጠረጴዛችን ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ተከልነው። ሰሌዳው ሞደም አልተገጠመበትም፣ ፓምፕ አልተያያዘበትም፤ የሚታመምበት ምክንያት አልነበረውም። ግን ትንሽ ሠራና ዝም አለ። አጥፍተን አበራነው። እንደገና ዝም አለ።

«ችግሩን እዚሁ አገኘነው ማለት ነው» አልኩ በደስታ።

«አላገኘንም» አለ። «ያለ ፕሮቡ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራ አልነበር? ይሄንን የገደልነው እኛ ነን። ሀርሺን ወስደን ብንተክለው ፓምፑን እኛ እናቆመውና በበሽታው እናሳብባለን። መጀመሪያ ትራፑን እንፈትን።»

ልክ ነበር። እኔ ግን ቸኩያለሁ። ሰዉ ውኃ አጥቶ እየተሰደደ እኛ የመርማሪውን መሣሪያ ስንመረምር ልንከርም መሆናችን አናደደኝ። «ስንት ጊዜ ይፈጅብናል?» አልኩት። «የፈጀውን ያህል» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ፈተናውን መጻፍ ጀመርን። ፕሮሰሰሩ ለቅጽበት ነገር የሚይዝባቸውን ሬጅስተሮች በምናውቃቸው ቁጥሮች እንሞላለን፣ ፕሮቡን እናስነሳለን፣ ሲመለስ ቁጥሮቹ እንደነበሩ መሆናቸውን አንድ በአንድ እናያለን። ቁጥር በሚደምር መመሪያ ላይ እንተክላለን፣ ወደ ሌላ ቦታ በሚዘል መመሪያ ላይ እንተክላለን፣ ከማሽኑ ማስታወሻ፣ ከሜሞሪው፣ በሚያነብ ላይ እንተክላለን። እኛ ያልተከልነው የማቆሚያ ምልክት ኮዳችንን ሲያጋጥመው ደግሞ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ለባለቤቱ ማሳለፉን እንፈትናለን። ከሁሉ የከፋው አንዱ ፕሮብ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ፕሮብ በላዩ ላይ ሲነሳበት ነው። እሱንም እንዲሁ ጻፍነው።

በዚያው ወራት ዓይኑ ፈጥኖ ደከመ። ፊደል ማሳደጉ መርዳቱን አቆመ። ስክሪኑን የሚያነብለት ፕሮግራም ጫነ፤ በእንግሊዝኛ የሚናገር የወንድ ድምፅ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎት ለኔ ጆሮ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነገር ድምፅ መሰለ። እሱ ግን እያንዳንዷን ቅንፍ ይሰማል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ሥራውን በድምፅ ስሰማ መጀመሪያ ያስጨንቀኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት።

የሰሌዳው መልእክቶች ግን በሌላ ገመድ ወደኔ ላፕቶፕ ነበር የሚመጡት። ፈተና ሲሮጥ የማየው እኔ ነኝ፤ እሱ እኔን ይጠይቃል። ይህ አልተመቸውም።

አንድ ቀን ከምሳ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የጥፍር ያህል ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ፣ ከተሰበረ መጫወቻ ውስጥ ፈልፍሎ ያወጣው ነው።

«ይሄን ሰሌዳው ላይ ግጠሚልኝ። በየሰከንዱ ጠቅ እንዲል አድርጊው።»

«ለምን?»

«በሕይወት መኖሩን እኔም ልወቅ።»

ገጠምኩለት። ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት በየሰከንዱ ከርነሉን ይጠራዋል፤ በያንዳንዱ ጥሪ ማጉያው ጠቅ ይላል። ተማሪዎች በራፉ ላይ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዳምጡ ነበር። ጽሕፈት ቤት ያለችው ሠራተኛ «ቢሯችሁ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ሰቀላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

ሰሌዳው አሁንም ይሞታል። እኔ ስክሪኑን አይቼ የሚሞትበትን ቦታ ለይቻለሁ ብዬ አምኛለሁ። የሚቆመው ሁልጊዜ በአንዱ ፈተና መሀል ነው፤ ከማስታወሻ የሚያነበውን መመሪያ የሚፈትነው ላይ። ከሱ በፊት ያለው፣ በፕሮብ ላይ ፕሮብ የሚነሳበት ፈተና፣ «አልፏል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ያንን የማስታወሻ ፈተና ገነጣጥዬ ሠራሁት። ምንም አላገኘሁበትም። እንደገና ገነጣጠልኩት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። የጅጅጋ ንፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያነሳ መስኮቱን ይደበድባል። ፈተናውን አስነሳሁ። እሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ቆመ» አለ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ቆሟል እኮ።»

ስክሪኑን አየሁ። መስመሮች እየወረዱ ነው። «አልቆመም። በፕሮብ ላይ ፕሮብ ያለው አልፏል ይላል። ቀጣዩን ሊጀምር ነው።»

«ስክሪኑ የሚለውን ተይው። አዳምጪ።»

አዳመጥኩ። ንፋሱ አለ፣ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ አለ። ጠቅታው የለም። ስክሪኑ ላይ ግን «አልፏል» የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ የቀጣዩ ፈተና ርዕስ እየወጣ ነበር። ከዚያ ስክሪኑም ደረቀ።

እንደገና አስነሳን። እንደገና ጠቅታው መጀመሪያ ጠፋ፣ ስክሪኑ በኋላ። አሁን ተራዬ ሆነና በሩን ዘግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ወደ ሰሌዳው አስጠጋሁ። እውነት ነው። ማሽኑ የሚሞተው እኔ ስፈልገው በከረምኩት ቦታ አልነበረም። «አልፏል» ብሎ በነገረን ፈተና ውስጥ ነበር የሚሞተው።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ማግኘት ከባድ አልሆነም። ፕሮብ ሲነሳ ከርነሉ ከውጭ የሚመጡትን ጥሪዎች፣ የሰዓቱንም የኔትወርኩንም፣ ለጊዜው ይዘጋል። ከመዝጋቱ በፊት ክፍት እንደነበሩ በአንድ ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲጨርስ ያንን አይቶ ይከፍታቸዋል። በሱ መሀል ሁለተኛ ፕሮብ ሲነሳ ግን ሁለተኛውም የሚያስቀምጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲመጣ ጥሪዎቹ ተዘግተዋልና «ዝግ» ብሎ በመጀመሪያው ላይ ይጽፍበታል። የመጀመሪያው ተመልሶ ሲያነብ «ዝግ ነበሩ» የሚል ያገኛል፣ እንደተዘጉም ይተዋቸዋል። ሬጅስተሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። የኛ ፈተና የሚያየው ሬጅስተሮቹን ነውና አልፏል ይላል። ማሽኑ ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ከውጭ የሚጠራውን አይሰማም፤ የያዘውን ጥቂት ሥራ እስኪጨርስ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ለዘላለም ይቆማል።

ማረሚያው ጥቂት መስመር ነው፤ ለሁለተኛው የራሱን ማስቀመጫ መስጠት። ፈተናውንም አረምነው፤ ከሬጅስተሮቹ ጋር ጥሪዎቹ ክፍት መሆናቸውንም እንዲያይ። መብራት በጠፋ ቁጥር እየቆምን፣ በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው እየጀመርን አስሮጥነው። ማሽኑ አልሞተም። ባልደረባዬ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ ጠቅታውን ሰማ። «እንሂድ ወይ?» አልኩት።

«አሁን እንሂድ» አለ።

ሀርሺን የሄድነው በፕሮጀክቱ መኪና ነው፤ መሐንዲሱ ይነዳል፣ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መንገዱ ዳር የወደቁ በጎች ነበሩ። ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆኑት የአገሩ በጎች፤ ነጩ በአቧራ ቀልቷል። ግመልም አየሁ። ግመል ወድቆ ከዚያ በፊት አላየሁም።

«ምን ይታይሻል?» አለኝ ከኋላ።

«ሜዳ ነው። ግራር አለ። ሩቅ አንድ ብርካ አለ፣ ባዶ ነው መሰለኝ። ሴቶች ቢጫ ጄሪካን ተሸክመው እየሄዱ ነው።»

«የሞቱትን ዘለልሻቸው» አለ። «ሽታቸው ይመጣል እኮ። አትዝለይብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ነገርኩት። መሐንዲሱ መሪውን አጥብቆ ይዞ ይነዳል።

ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ፓምፑ ቆሟል። ታንከሩ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ከፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው ጥቂት ፍየሎች ራሳቸውን ደፍተው ቆመዋል። ባልደረባዬ ሰላምታ ሰጣቸው፤ «ኢዶ» አላቸው፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። በሶማሊኛ ሲያወሩ እሱ ወዲያው ወዲያው ለኔ ይመልሰው ነበር።

«ሳጥኑ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው ይላሉ።»

«ምን አልካቸው?»

«ልንጠይቀው መጣን አልኳቸው።»

ሴትየዋ ዓይኑን ትኩር ብለው አዩና የሆነ ነገር ጠየቁት። አጭር መልስ ሰጣቸው። ያንን አልተረጎመልኝም፤ ግን ስለ ዓይኑ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሲያናግሩት እጃቸውን ክንዱ ላይ አድርገው ነው።

መሐንዲሱ ሳጥኑን ከፍቶ አጥፍቶ አበራው። ፓምፑ ተነሳ፣ ውኃው መውረድ ጀመረ። ሰዉ ወደ ቧንቧው ተጠጋ። እኔ ፕሮቦቹን ተከልኩና ላፕቶፔን በገመድ አያይዤ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ፍርሃቴ ትልቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ውኃ እየቀዳ እያለ የኛ ፕሮብ ፓምፑን ቢያቆመው እንዴት እንደምነሳና ዓይናቸውን እንደማይ አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዙሯል። ፓምፑ ሠራ። ፕሮቦቹ በተነሱ ቁጥር መስመር እየጻፉ ተመለሱ፣ ተመለሱ፣ ተመለሱ።

ፀሐይዋ ገና ማዘቅዘቅ ስትጀምር የስልኬ ኔትወርክ ጠፋ። እዚያ አካባቢ ልማድ ነው። ጥቂት ቆይቶ ፓምፑ ቆመ። ሰዉ አጉረመረመ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከሞደሙ ጋር የሚነጋገረው የከርነል ክፍል ሪፖርት ለመላክ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ በተራ የሚይዘውን ቁልፍ ይዞ ገብቷል፤ አልወጣም።

«የፓምፑ ትዕዛዝስ?» አለኝ።

«ያንኑ ቁልፍ እየጠበቀ ነው።»

«እኛ አይደለንም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ የራሱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ያ ክፍል የሞደሙን መልስ ያለ ገደብ ይጠብቃል፤ መልሱ አይመጣም፤ ፓምፑን የሚያስነሳው ከበስተኋላው ተሰልፎ ይቀራል። መጠበቂያውን በጊዜ ገደብኩት፤ መልስ ካልመጣ ቁልፉን ትቶ እንዲወጣ። እዚያው መኪናው ጥላ ሥር አስተካክዬ ጫንኩት። ኔትወርኩ ገና አልተመለሰም፤ ፓምፑ ግን ተነሳና ሳይቆም ሠራ።

ኢዶ በጣሳ ውኃ ቀድተው መጡ። መጀመሪያ የሰጡት ለሱ ነው፤ ጣሳውን እጁ ውስጥ አስገብተው ጣቶቹን በራሳቸው ጣቶች ጨበጡለት። ጠጣና ለኔ አሳለፈው። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ እሱ ወዲያው አልተረጎመም።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«አላህ ይስጣችሁ አሉ። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ግመሎቼን ታገኟቸው ነበር አሉ። ቁጣ አይደለም፣ እንዲያው እየነገሩን ነው።»

ሳምንታቱን የፈጀው የፈተናው ሥራ ትዝ አለኝ። ያንን ሁሉ ሳንፈትን ብንሄድ ኖሮ በፈጠነ ነበር፤ ግን ያኔ የቆመውን ፓምፕ ማን እንዳቆመው ሳናውቅ ነበር የምንመለሰው። ሁለቱም እውነት ነው። እስከዛሬም አንዱ ሌላውን አያቀልልኝም። መኪናው ውስጥ ስንመለስ ይህንኑ ነገርኩት። «እኔም እሱን ነው የማስበው» አለ።

መሐንዲሱ በቀሩት ጉድጓዶች ላይ ያንኑ ማስተካከያ እየዞረ ጫነ። ከዚያ በኋላ ፓምፕ ዝም አለ ተብሎ አልተደወለልንም።

የፕሮቡን ማረሚያ፣ ይህን ለሁሉም ክፍት የሆነ ከርነል፣ የፕሮብ መሣሪያውን ጨምሮ፣ በኢሜይል እየተጻጻፉ ለሚጠብቁት ሰዎች ላክነው። በየትኛው አገር እንዳሉ የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው መጀመሪያ አልተቀበለንም፤ ሬጅስተሮቹ ልክ ከሆኑ ስህተቱ ከኛ ፈተና ሊሆን ይችላል አለ። ባልደረባዬ «መልሰሽ አንብቢልኝ፣ የተቃወመበትን ብቻ» አለኝና ደጋግሞ ሰማው። መልሱን እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፤ ከፈተናው ጋር አያይዘን ላክነው። ሰውየው በራሱ ማሽን ላይ ሞክሮት ኖሮ «የኔም ቆመ» ብሎ ጻፈልን። ማረሚያውም ፈተናውም ገቡ። ያን ቀን የባልደረባዬ ሚስት በቴርሞስ የላከችውን የግመል ወተት ሻይ ጠጣንና ወደየክፍላችን ሄድን።

ዓይኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ተቀመጠና «ዋላል፣ መስኮቱ ተከፍቷል?» አለኝ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች። «ተከፍቷል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለቅሶዬ እንዳይሰማ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። አስጠርቶን «እረፍት እንስጥህ፣ ቤትህ ሆነህ ብታግዘን» አለው።

«ምን ላግዛችሁ?» አለ እሱ።

«ማለቴ፣ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ መጻፉ፣ ፈተና ማረሙ…»

«እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አስተምራለሁ። ፈተናውን በቃል አደርገዋለሁ። አንድ ሴሚስተር ፍቀድልኝ፣ ተማሪዎቹን ጠይቀህ ወስን።»

ኃላፊው እኔን አየኝ። «እጽፋለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ክንዴን ይዞ ገባ፤ ጠረጴዛውን በእጁ አገኘና ከፊቱ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠች ጥቁር ሒጃብ የለበሰች ተማሪ «መምህር፣ እጃችንን ስናወጣ እንዴት ያውቁናል?» አለችው።

«ስምሽን ጥሪ። እኔ ወዳለሽበት እዞራለሁ።»

ስሟን ጠራች፤ ወደሷ ዞረ። የሳቀ የለም። የዚያን ቀን ትምህርት ትራፕ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሳልኩ፣ እሱ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ አስረዳ፤ ፕሮሰሰሩ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ምን ምን መቀመጥ እንዳለበት፣ እንዴት እንደሚመለስ። አንዳንዴ ቆም ብሎ «እዚህ ጋ ቀስቱን ሳልሽው?» ይለኛል። «ሳልኩት» እለዋለሁ።

ሊያልቅ ሲል ያችው ልጅ እንደገና ስሟን ጠራች።

«ቆይቶ የተመለሰው ፕሮግራም፣ ተቋርጦ እንደነበረ ያውቃል?»

ትንሽ አሰበ። «አያውቅም። ካወቀ ሥራችንን አበላሽተናል።»

ልጅቷ ጻፈች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። እሱ እስክትጨርስ ጠበቃትና ፊቱን ወደ ቀሩት ተማሪዎች መለሰ።

«ሌላ ጥያቄ ያለው?»